ሜንተርነት በሰዓት ሲቆጠር

የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንቶች (በስፔሻሊቲ ትምህርት ላይ ያሉ ሐኪሞች) ሜንተር፣ ማለትም የቅርብ መካሪና ደጋፊ፣ ሆኜ የተመደብኩበት ደብዳቤ አራት መስመር ብቻ ነበረው። «ስማቸው ከዚህ በታች ለተዘረዘሩት 6 ሬዚደንቶች ሜንተር ሆነው እንዲያገለግሉ የተመደቡ መሆኑን እናሳውቃለን» ይልና ወደ ግልባጩ ያልፋል፤ የግልባጩ ዝርዝር ከደብዳቤው ይረዝም ነበር። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚጠይቅ፣ ሰዓቱ ከየትኛው ሥራ ላይ እንደሚቀነስ፣ ስንገናኝ ምን እንደምንነጋገር የሚገልጽ አንድም ቃል አልነበረበትም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ማስተማር ስለምወድ ሜንተርነት ከማስተማር የተለየ ሥራ አልመሰለኝም ነበር። ይህንን የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ለሚደርሳቸው ባልደረቦቼ፣ ከመቀበሌ በፊት ማወቅ የነበረብኝን ለመንገር ነው።

ነገሩ በእኛ ሙያ ለምን እንደሚከብድ ላስቀድም። በአገራችን የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሆን፣ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ነው። በዚያን ጊዜ በሙያው የሠለጠነ መምህር አገር ውስጥ አልነበረም ማለት ስለሚቻል፣ ከካናዳና ከአሜሪካ ለአጭር ጊዜ እየመጡ የሚመለሱ ሐኪሞች ከሌሎች ክፍሎች መምህራን ጋር ሆነው ነበር የመጀመሪያዎቹን ያሠለጠኗቸው። የቀዶ ሕክምና ወይም የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ቀና ብሎ ሲያይ ጸጉራቸው የሸበተ፣ የመምህሮቹ መምህሮች የሆኑ ሰዎች ይታዩታል። የድንገተኛ ሬዚደንት ቀና ሲል የሚያገኘው ግን ከእርሱ በአምስትና በስድስት ዓመት ብቻ የሚቀድም፣ እስካሁን የሌሊት ተረኛ የሆነ፣ ቤቱ ትንንሽ ልጆች የሚጠብቁት ሰው ነው። ይህ ሰው እኔ ነኝ።

ሌላው ችግር ፈረቃው ነው። በሌሎች ክፍሎች መምህርና ሬዚደንት ጠዋት ጠዋት አብረው ራውንድ (የታማሚዎች ጉብኝት) ስለሚዞሩ ሳይቀጣጠሩም ይገናኛሉ። እኛ ዘንድ እኔ ስገባ ሬዚደንቷ ትወጣለች፤ በርክክቡ ላይም ስለ ታማሚዎቹ እንጂ ስለ ራሷ የምታወራበት ደቂቃ የለም። ወደ ክፍሉ የሚመጣው ደግሞ ፋታ የሚሰጥ አይደለም፦ በባሕር ዳር ጎዳና ባጃጅ የተገለበጠባቸው ሰዎች፣ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም ጀምሮ ከሐይቁ ዙሪያ ረግረጋማ ቀበሌዎች ራሳቸውን ስተው የሚደርሱ የወባ ታማሚዎች፣ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸው አረጋውያን፣ ከፎገራ ሜዳ ለሰብል የተገዛውን ፀረ ተባይ ጠጥተው የሚመጡ ወጣቶች። ሬዚደንቷ ለአንዲት እናት ልጇ መሞቱን ትነግርና፣ ለቅሶው ከኮሪደሩ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አልጋ ዞራ «እሺ፣ ሕመሙ መቼ ነው የጀመረህ?» ብላ መጠየቅ ይኖርባታል። በእነዚህ በሁለቱ አልጋዎች መካከል ያለውን ሦስት እርምጃ የሚያስተምር መጽሐፍ አላጋጠመኝም፤ የሜንተር ሥራ በአብዛኛው እዚያች መካከል ላይ ነው ያለው።

በመጀመሪያው ዓመት የሠራሁትን ስህተት ሳልሸሽግ ልናገር። አንድ ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ 20 ዓመት ያልሞላው ወጣት በዘመዶቹ ሸክም ገባ። አፉና አፍንጫው አረፋ ይደፍቃል፤ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል፤ ልብሱ ላይ የፈሰሰው ኬሚካል ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ተረኛዋ የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ነገሩ ኦርጋኖፎስፌት የተባለው የፀረ ተባይ መርዝ መሆኑን ለማወቅ ደቂቃ አልፈጀባትም። የመርዙን ማርከሻ አትሮፒን 2 ሚሊግራም ሰጠች፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ 4፣ ከሌላ አምስት ደቂቃ በኋላ 8፣ እንዲህ እያጠፈች ሄደች፤ እስከዚህ ድረስ የሠራችው ሁሉ ትክክል ነበር። የልብ ምቱ 130 ሲደርስ ግን ደነገጠችና አቆመች። በዚህ መርዝ የአትሮፒን ዋናው መለኪያ የሳንባው መድረቅ ነው፤ የልብ ምት መፍጠን ብቻውን መድኃኒቱን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። በወጣቱ ደረት ውስጥ የሚፈላው ፈሳሽ ገና አልደረቀም ነበር፤ መድኃኒቱ እንደገና እስኪጀመርም 40 ደቂቃ አለፈ። ወጣቱ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ከቤቱ ሆስፒታል ለመድረስ ብቻ አራት ሰዓት ፈጅቶበት ስለነበር የዚያች 40 ደቂቃ ድርሻ ስንት እንደሆነ ማንም ሊመዝነው አይችልም።

ወጣቱ በገባ ማግስት ሞርኒንግ (የክፍሉ የጠዋት ስብሰባ) ላይ፣ 30 የሚያህል ሰው በተቀመጠበት፣ «አትሮፒን የሚቆመው መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ቆማ፣ አንድም ሳታጓድል መለሰችልኝ። እኔም «ታዲያ ይህ ዕውቀት ትናንት ማታ የት ሄዶ ነበር?» አልኩ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ሜንተሯ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል በኮሪደር ሳገኛት «ደህና ነኝ ዶክተር» ከማለት ሌላ ቃል አልሰማሁባትም፤ እኔም ደህና ናት ብዬ ተቀበልኩ። የነቃሁት በክፍሉ ረጅም ዘመን ያገለገሉ አንዲት ሲስተር ጎተት አድርገውኝ «ዶክተር፣ ያችን ልጅ እንኳ አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ብታናግራት ምናለበት» ሲሉኝ ነው። (ነርሶች የሚያዩትን እኛ አናይም፤ ማን መድኃኒት ክፍል ገብቶ እንዳለቀሰ፣ ማን ምሳውን እንዳልበላ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። አዲስ ሜንተር መጀመሪያ ሊወዳጅ የሚገባው ከነባር ነርስ ጋር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።) ከሐይቁ ዳር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ተቀመጥን። መጀመሪያ ያደረግኩት ይቅርታ መጠየቅ ነበር። ሬዚደንቷ ማኪያቶዋን ሳትነካ ረጅም ጊዜ ታንኳዎቹን ስታይ ቆየችና፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፋ ስልኳ ላይ ማስቀመጧን ነገረችኝ። ቀጥላም ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) በነበረችበት ጊዜ በሰጠችው መድኃኒት ልቡ ተዛብቶ እጇ ላይ ስለሞተ ሌላ ታማሚ አወጋችኝ። ያን ሌሊት 130 የሚለውን ቁጥር ስታይ የታያት መርዝ የጠጣው ወጣት ሳይሆን ያ የድሮው ሰው ነበር። እኔ በሕዝብ ፊት የፈተንኩት ዕውቀቷን ነው፤ ዕውቀቷ ግን ከመጀመሪያውም አልጎደለም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስህተት ለተፈጠረበት ሰው የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ማድረግ ነበረብህ?» የሚለው መሆኑ ቀርቶ «በዚያች ደቂቃ ምን እየታየህ ነበር?» የሚለው ሆኗል። ይቅርታውንም በሞርኒንግ፣ ያው ሰው በተቀመጠበት ደገምኩት፤ በሕዝብ ፊት የተሰበረ ሰው በጓዳ አይጠገንም ብዬ ስለማምን ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ከስድስቱ ሁለቱን ለባልደረባ አስተላልፌ አራት ካስቀረሁ በኋላ፣ በአንድ የጥቅምት ወር ለሜንተርነት ያዋልኩትን ጊዜ ሁሉ መዘገብኩ። በቀጠሮ የተቀመጥንበት 4 ሰዓት ብቻ ነበር፤ ለእያንዳንዳቸው በወር ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት። ያለቀጠሮ የመጣው፣ ማለትም የሌሊት ስልኩ፣ «ዶክተር አንዴ» ተብሎ በር ላይ የሚጀመረው ወሬ፣ ከጭንቅ ፈረቃ በኋላ ያለው ቆይታ 11 ሰዓት ሆነ። የመመረቂያ ጥናት ረቂቅ ማንበብና ማረም 9 ሰዓት ወሰደ። ሎግቡክ (የሬዚደንቱን የሥራ መዝገብ) መፈረምና የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ 3። በድምሩ 27 ሰዓት፤ ይህ ከክሊኒክ፣ ከፈረቃና ከሌክቸር ውጪ፣ ማንም በሥራነት ያልመዘገበው ሰዓት ነው። ስድስት ሬዚደንት ይዤ ሳለሁ ለምን ለአንዳቸውም እንዳልሆንኩ የገባኝ ይህችን ወረቀት ሳይ ነው። ወረቀቷን ይዤ ወደ ክፍል ኃላፊው ገባሁና በወር አንድ የሌሊት ፈረቃ እንዲቀነስልኝ ጠየቅኩ። በቃል ስለምን ለአንድ ዓመት ያልተሰማው ልመና በቁጥር ሲቀርብ በሁለት ሳምንት ምላሽ አገኘ። ስለዚህ ደብዳቤው ሲደርስዎ ከሁሉ በፊት ይቁጠሩ፤ ከአራት በላይ ሬዚደንት ከተሰጠዎትም ከመቀበልዎ በፊት ይከራከሩ። እምቢ ማለት ነውር መስሎ ይሰማዎት ይሆናል፤ ከዚያ የሚብሰው ግን ለስድስት ሰው በስም ብቻ ሜንተር መሆን ነው።

ከቁጥሩ የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። ጥናቱ ብቻውን የጊዜዬን ሲሶ በልቶ ነበር። በእኛ አካባቢ አማካሪ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው የመመረቂያ ጥናት አድቫይዘርን ነው፤ ሁለቱን ሥራ አንድ ሰው ሲይዘው ጥናቱ ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ የማስረከቢያ ቀን አለውና። ሬዚደንቱ ሊያናግርዎ መጥቶ ሠንጠረዥ አራርመው ይለያያሉ። አሁን የሜንተርነት ሬዚደንቶቼን ጥናት አልይዝም፤ የሌላ ሰው ሬዚደንት ጥናት እይዛለሁ፤ ያ ሰው ደግሞ የእኔን ይይዛል። በውጤት መስጫው ላይም እንዲሁ ነው። የሮቴሽን (በየክፍሉ እየተዘዋወረች የምትሠራበት ጊዜ) ግምገማዋን የሚሞላ ሰው ፊት ማንም ሬዚደንት «ትናንት ሌሊት ፈራሁ» አትልም። እኔ የማማክራቸውን የሚገመግም ሌላ መምህር እንዲሆን የተስማማነው በብዙ ክርክር ነበር፤ አንዳንድ ባልደረባ «ቅርብ ሆኖ የሚያውቃቸው ቢገመግም አይሻልም ወይ?» ብሎ ተሟግቷል። ሙግቱ መሠረት የለውም አልልም፤ ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ላይ ሞክሬ ያገኘሁት ዝምታን ብቻ ነው።

ዝምታውን ካነሳሁ ስለ «እሺ» ትንሽ ልቆይ። እዚህ ጎጃም ምድር፣ ከጣና ገዳማት እስከ ቅኔ ቤቶቹ ድረስ፣ ትምህርት ማለት የኔታ እግር ሥር መቀመጥ ሆኖ የኖረ ነው። ተማሪ መምህሩን ቀና ብሎ አያይም፤ የታዘዘውን «እሺ» ይላል። ይህ አክብሮት እኛም ውስጥ አለ፤ ሬዚደንቶቼ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ሐኪሞች ሆነው ሳለ ፊቴ ሲቀመጡ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ እጃቸውን ያጣምራሉ። «ይህንን አንብብ» ስል «እሺ»፣ «ዕረፍት ውሰጂ» ስል «እሺ»፤ ከ«እሺ» በኋላ ምን እንደተደረገ ግን አይታወቅም። ሆኖም ያው የቅኔ ቤት ሌላ ወግ አለው፤ ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስጠናዋል፤ ቅኔም የሚቀርበው ሊነቀስና ሊታረም ነው። እኔ የወሰድኩት ይህን ሁለተኛውን ነው። በስብሰባችን መጀመሪያ የራሴን አንድ ስህተት እነግራለሁ፤ የቆየና የተዋበ ሳይሆን የዚያን ወር ስህተት። ለምሳሌ የሆድ ሕመም ያለባትን ወጣት እርግዝና ሳልመረምር በትሪያጅ (የታማሚዎች የአስቸኳይነት ልየታ) ቢጫ አድርጌ ማሳለፌን፣ ቀይ፣ ማለትም እጅግ አስቸኳይ፣ መሆኗን ያስተዋለችውም ኢንተርን መሆኗን ነግሬያቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ «እሺ»ው እየቀነሰ፣ «ግን ዶክተር» የሚለው እየበዛ መጣ። «ግን ዶክተር» በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ስለ ጊዜው ምርጫ አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ቀጠሮውን ያደረግኩት ከሌሊት ተረኝነት በኋላ ጠዋት ነበር፤ ሁለታችንም ግቢ ውስጥ ስለምንገኝ አመቺ መስሎኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው ግን ሁሉንም ይስማማል፤ አንዱንም አያስታውስም። አሁን በማግስቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ከተቻለም ከግቢው ውጪ፣ በሐይቁ ዳር መንገድ እየተራመድን ነው የምናወራው። ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ፊት ለፊት ከተቀመጠ ይልቅ ይናገራል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ ዝም ሲባልም የሚታይ ውሃና ዘንባባ አለ።

መዝገቡን ደግሞ የጀመርኩት ወድጄ አይደለም። ከሬዚደንቶቹ ጋር የምገናኘው በቴሌግራም ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያ ሁሉ ወሬ ተቆረጠ። ያኔ አንድ ተራ ደብተር ገዛሁና በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሁለት መስመር ብቻ መጻፍ ጀመርኩ፤ አንዱ እርሷ ወይም እርሱ እስከሚቀጥለው ለማድረግ ያሰበው፣ ሌላው እኔ ላደርግ ቃል የገባሁት። የታማሚ ስም አይገባበትም፤ የሬዚደንት ምሥጢርም አይጻፍበትም። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላም ደብተሩን አልተውኩም፤ ምክንያቱም ሁለተኛውን መስመር ሳነብ ቃሌን የማጥፈው ከእነርሱ ይልቅ እኔ መሆኔን አይቻለሁ።

ከሜንተር አቅም በላይ የሆነ ነገርም ይመጣል። እንቅልፍ አልወስድ ያለው፣ መጠጥ ያበዛ፣ መኖር አስጠላኝ ያለ ሬዚደንት ሲገጥም ምክር መደርደር ጉዳት ነው፤ ወደ አእምሮ ሐኪም መሄድ አለበት። ከተማችን ግን ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ናት፤ ሬዚደንቱ በራሱ ሆስፒታል የአእምሮ ክፍል ደጃፍ ወረፋ ይዞ መቀመጥ ይሳቀቃል። አስቀድሜ ከአንድ የአእምሮ ሐኪም ጋር በግል ተነጋግሬ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ በሌላ ቦታ የሚያይበትን መንገድ አመቻችቻለሁ። ይህንን አስቀድመው ያሰናዱ፤ ጭንቁ ከመጣ በኋላ ሲፈልጉት አይገኝም። የገንዘብ ችግር ላይ ግን እጄን አላስገባም፤ አንድ ጊዜ አበድሬ ሜንተርነቱም ብድሩም አብረው ቀሩ።

ታዲያ ምን ይገኛል? ገንዘብ የለም። በምሠራበት ቦታ ለማዕረግ ዕድገት በሚሞላው ቅጽ ላይ የጥናት ጽሑፍ ሰፊ ቦታ ሲኖረው፣ ለዚህ ሥራ የተተወ መስመር አላገኘሁም። የሚገኘው በሌላ በኩል ነው። እኔ ስሠለጥን የአልጋ ዳር አልትራሳውንድ በዋናነት ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም መፈለጊያ ነበር የሚመስለኝ፤ ሳንባን በእርሱ ማየት ያስተማረኝ የራሴ የሦስተኛ ዓመት ሬዚደንት ነው። ትንፋሽ ላጠራት አንዲት ታማሚ ሁለተኛውን ሊትር ግሉኮስ ላዝዝ ስል «ግን ዶክተር፣ መጀመሪያ ሳንባዋን እንይ» አለና ከላይ ወደ ታች የሚወርዱትን ቢ ላይን የሚባሉትን ነጫጭ መስመሮች አሳየኝ፤ ሳንባዋ አስቀድሞ ውሃ ይዞ ነበር። ኢንተርኖቹ ቆመው ያያሉ። «እስቲ ፕሮቡን አያያዝ አሳየኝ» አልኩት፤ እርሱም ሳይኩራራ እጄን ይዞ አሳየኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ኢንተርኖች የማያውቁትን በግልጽ ሲጠይቁ ማየት ጀመርኩ፤ በአንድ ዓመት ሌክቸር ያላገኘሁት ነገር ነው። ሌላው ትርፍ ራሴን የሚመለከት ነው። ሬዚደንት «ለምን?» ብሎ ሲጠይቀኝ ከልማድ የማደርገውን ከማስረጃ ከማደርገው ለይቼ ለማወቅ እገደዳለሁ፤ ከመጽሐፍ የራቅኩበት ዓመት ቢኖር ሜንተር ያልነበርኩበት ዓመት ይሆን ነበር።

ያች ሬዚደንት ተመርቃ ከሐይቁ ማዶ ወዳለ ሆስፒታል ተመደበች። ባለፈው የመኸር ወራት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ስልኬ ላይ ስሟን አየሁና ልቤ ደነገጠ። ፀረ ተባይ የጠጣች ልጅ ገብታለች፤ አትሮፒኑን እያጠፈች እየሰጠች ነው፤ የልብ ምቷ 135 ደርሷል፤ ኢንተርኗ ፈርታ «እናቁም» ብላ እጇን ይዛታለች፤ እርሷም «ሞኒተሩን ተይው፣ ደረቷን ስሚ» ብላ ማዳመጫውን ሰጥታታለች። ሳንባው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደርቋል፤ ቀጣዩ መጠን በጠብታ ተሰቅሏል። እኔ ጥያቄዋን ስጠብቅ ዝም አለች። «ታዲያ ምን ላግዝሽ?» አልኳት።

«በሕክምናው ምንም አያግዙኝ፤ ልጅቷ ደህና ናት» አለችኝ። «ጠዋት ኢንተርኗን ምን ብዬ እንደማናግራት ልጠይቅዎ ነው። በጣም ደንግጣለች።»

«መጀመሪያ ትተኛ» አልኳት። «አንቺም።»